ላስቲኩን አትቅደጂው

ቆይ ሚጡ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጪው። መጀመሪያ ሰማዩን እዪ። ጅማ ነው ያለነው፤ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት ከተማ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የጠዋት ፀሐይ አምነሽ በር ፈትተሽ ደጅ ከቆምሽ፣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ዛሬ ጥሩ ቀን መርጠሻል፤ ጥር ነው፣ ደመና የለም፣ መኪናዋም ፀሐይ ላይ ቆማ ሞቃለች። መሞቋ ይጠቅመናል። የበሩን የውስጥ ሽፋን የያዙት የፕላስቲክ ክሊፕሶች ሲበርዳቸው ቶሎ ይሰበራሉ፤ ሲሞቁ ግን ለመጥ ይላሉ። ለዚህ ሥራ በማለዳ አትነሺ፤ እኩለ ቀን ይሻላል።

ሥራው ከአቅምሽ በላይ አይደለም። ጥቂት ቪቴ ትፈቻለሽ፣ ሽፋኑን ታላቅቂያለሽ፣ አሮጌውን ስፒከር አውጥተሽ አዲሱን ታስሪያለሽ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሽፋኑን ስታነሺው ከሥሩ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛለሽ። ብዙ ሰው ከፋብሪካ የቀረ ማሸጊያ ይመስለውና በምላጭ ቀዶ ይጥለዋል። ዛሬ ከምነግርሽ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽ እሱን ያዢ፤ ላስቲኩን አትቅደጂው።

የመኪና በር ውስጡ ደረቅ ቦታ አይደለም። መስታወቱ ወደ በሩ በሚገባበት ጠርዝ ላይ ያለው ጎማ ውሃውን ጠረግ ያደርገዋል እንጂ ጨርሶ አያግደውም፤ አርጅቶ ሲሰነጣጠቅማ ይብሳል። ስለዚህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው በመስታወቱ ላይ ተንሸራቶ በሩ ውስጥ ይገባል። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ከበሩ በታች በኩል ትናንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳዎች የተዉት ለዚሁ ነው፤ ውሃው በላይ ገብቶ በታች ይወጣል። ግን በአንቺ በኩል ያለው የውስጠኛው ቆርቆሮም ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ እጅ ገብቶ የመስታወቱን ማሽን የሚገጥምባቸው ትላልቅ ክፍተቶች አሉት። እነሱን የሚሸፍነው ያ ላስቲክ ብቻ ነው። ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ ደመና ሲመጣ ሮጠው ላስቲክ ያለብሱት የለም? የበሩም ሥራው ያው ነው። ያንን ላስቲክ በምላጭ የሚቀድ የአጋሮ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?

በኔ መኪና ላይ የደረሰውን ታስታውሻለሽ። የመስታወቱን ማሽን እንዲጠግኑልኝ አንድ ጋራዥ ሰጠኋት። መስታወቱ መውጣት መውረድ ጀመረ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ክረምት ሲገባ ግን ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ይረጥብ ጀመር። ጣሪያውን ጠረጠርን፤ የፊቱን መስታወት ጎማ ጠረጠርን። ቀጥሎ ሽታው መጣ፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው ላሜራም መዛግ ጀመረ። በመጨረሻ በሩ ሲፈታ ላስቲኩ የለም፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ በምላጭ የተቆረጠ ብጥስጣሽ ብቻ ቀርቷል። የስፒከሩም ወረቀት አብጦ ተሸብሽቧል። ስለዚህ የትኛውም ጋራዥ በሩን ሲፈታልሽ "ላስቲኩን በቦታው መልሱልኝ" በይ፤ ሲመልሱትም ቆመሽ እዪ። አያሳፍርም። ሴት ስለሆንሽ አታውቅም ብሎ የሚያልፍሽ ካለ ደግመሽ በይው።

እስቲ የገዛሽውን አሳዪኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 300 ዋት ተይው፤ እሱ ለቅጽበት የሚቻል ጣሪያ ነው። በትንሹ የተጻፈውን፣ አር ኤም ኤስ የሚለውን ፈልጊ፤ ስፒከሩ ሳይጎዳ ዘወትር የሚሸከመው ኃይል እሱ ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ቴፕም ፊቱ ላይ 50 ዋት በ4 ቢልም፣ በእውነት ለአንዱ ስፒከር የሚሰጠው ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። በዚህ ቴፕ የሚያምርልሽ ብዙ ዋት የተጻፈበት ሳይሆን በትንሽ ኃይል ጎልቶ የሚሰማው ነው፤ ሴንሲቲቪቲው 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። 4 ኦም መሆኑንም አረጋግጪ፤ 2 ኦም ከሆነ ቴፑን ያግለዋል። ከሁሉ በላይ ግን አካሉን እዪ። መሐሉ ወረቀት፣ ዙሪያው ስፖንጅ የሆነው ስፒከር ድምፁ ያማረ ሊሆን ይችላል፣ ለእኛ ዝናብ ግን አይሆንም፤ ወረቀቱ ውሃ ይጠጣል፣ ስፖንጁ ይፈረፈራል። መሐሉ ፕላስቲክ፣ ዙሪያው ጎማ የሆነ ይሁን። የአንቺው እንደዚያ ነው፣ ጎበዝ። ሌላ ጊዜም ከጅማ መርካቶ ብትገዢ፣ ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ብታስመጪ ይህንን ጠይቂ።

አሁን ኮፈኑን ክፈቺ። መስታወቱን እስከ ላይ ዝጊውና ቁልፉን ከመኪናው አውጪ፤ ቀጥሎ በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺ። ኤርባግ ያላት መኪና ስለሆነች ከፈታሽ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቂ፤ ትንሽ ቢረዝም አይጎዳም። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች በበሩ ውስጥ የግጭት ሴንሰር አላቸው። ቢጫ ሶኬት ካየሽ የኤርባግ ነው፣ እጅሽን አታስገቢበት።

ከሾፌሩ በር አትጀምሪ። የሁሉም መስታወት መቆጣጠሪያ እሱ ላይ ስለሆነ ሽቦው ይበዛል። ከጎኑ ካለው በር ጀምሪ፤ እጅሽ ይለምዳል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዳትፈቺ ደግሞ፤ ይሄኛው ሲምታታብሽ ያልተፈታውን ሄደሽ ታያለሽ። እያንዳንዱን ነገር ከመንካትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ቪቴዎቹን የእንቁላል ትሪ ውስጥ በተፈቱበት ቅደም ተከተል አድርጊ፤ ረጅሙ ቪቴ በአጭሩ ቦታ ከገባ የማይገባውን ይወጋል።

ቪቴዎቹ የተደበቁ ናቸው። በቶዮታ ቪትዝና ያሪስ አንዱ ከውስጥ መክፈቻው ጀርባ፣ ሌላው በሩን ስትዘጊ በምትይዢው ጎድጓዳ መያዣ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለበት፤ በቀጭን ካቻቢቴ ጠርዙን ከፍ አድርጊው፣ ይነሳል። የኋላ በሮችሽ መስታወት በእጅ የሚዞር ስለሆነ ደግሞ እጀታውን በኃይል አትሳቢው። ከጀርባው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሽቦ ይይዘዋል። ቀጭን ጨርቅ በእጀታውና በሽፋኑ መሃል አስገብተሽ ግራ ቀኝ ስትስቢው ሽቦው ይወጣል፤ እንዳይበር በሌላው እጅሽ ያዢው።

ሁሉም ቪቴ መውጣቱን እርግጠኛ ሳትሆኚ ሽፋኑን አትጎትቺ። ቪቴ ረስቶ የጎተተ ሰው ነው ሽፋኑን የሚሰብረው። ከታችኛው ጥግ ጀምሪ። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ወይም ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ይዘሽ፣ ክሊፕሱ ካለበት አጠገብ አስገቢና ወደ ራስሽ ሳቢ። ከክሊፕሱ ርቀሽ ከሳብሽ ሽፋኑ ይጎብጣል፣ ክሊፕሱም አንገቱ ላይ ይቆረጣል። "ጧ" ሲል አትደንግጪ፤ ያ ድምፅ መልካም ነው። ዙሪያውን ስትጨርሺ ሽፋኑን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ላይ አንሺው፤ የላይኛው ጠርዝ በመስታወቱ ሥር ተንጠልጥሎ ነው የሚቆመው። ከተነሳ በኋላም ገና አልተለቀቀም፤ የመስታወት ማብሪያው ሽቦና የመክፈቻው ዘንግ ይዘውታል። ሶኬቱን ጆሮውን ተጭነሽ አውጪ፣ ሽቦውን ግን አትጎትቺ። በሩ ላይ የቀሩ ክሊፕሶችን በፒንሳ አውጥተሽ ሽፋኑ ላይ መልሺያቸው። የተሰበረ ካለ ዛሬውኑ ይገዛ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለን አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ አንድ ክሊፕስ ጎድሎ ሲቀር በጌራ ጥርጊያ መንገድ ላይ በሩ እየተንጫጫ ያሰለችሻል።

ይኸውልሽ ላስቲኩ። ወዲያው አትንኪው፣ እዪው። ስፒከሩ ያለበትን ቦታ ታያለሽ? በብዙ መኪና ላስቲኩ በስፒከሩ ዙሪያ ተቆርጦ ነው የሚለጠፈው፤ እንደዚያ ከሆነ ሳትነኪውም ሥራሽን ትጨርሻለሽ። ይሄኛው ግን ጥጉ ስፒከሩ ላይ ተደርቧል፤ ያንን ጥግ ብቻ እናነሳለን፣ ሙሉውን ምን አደረገን? ሙጫው የማይደርቅ ዓይነት ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ፀሐይዋ ካልበቃችው የፀጉር ፎን ከቤት አምጪ። በአንድ እጅሽ ላስቲኩን ቀስ ብለሽ እየሳብሽ በሌላው ቀጭን ቢላ ይዘሽ ሙጫውን ከቆርቆሮው በኩል ቁረጪ፤ የቢላው ጠፍጣፋ ጎን ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ይሂድ። ላስቲኩ መወጠር ሲጀምር ቁሚ፣ አሙቂ፣ ቀጥዪ። የተነሳውን ጥግ ወደ ላይ አጥፈሽ በናስትሮ በሩ ላይ ያዢው። መሬት አይንካ። ሙጫው አንዴ ቀይ አቧራ ከያዘ ተመልሶ አይጣበቅም፤ በእጅሽም አትነካኪው፣ ልብስሽ ላይ ከሄደ አይለቅም።

ከተቀደደም ቀዳዳውን እንዳለ አትዝጊበት። ለቡና የሚሸጠው ወፍራም ላስቲክ አጋሮም ጅማም ይገኛል። አሮጌውን ላዩ ላይ ዘርግተሽ በልኩ ቁረጪ፣ ለሽቦና ለዘንግ የሚያስፈልጉትን ቀዳዳዎች ብቻ አውጪ። ሙጫ ሲጎድልሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን አትጠቀሚ፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ራቁቱን ያለ ብረት ያዝጋል። ሬንጅ ያለበት ማሸጊያም ይቅርብሽ፤ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል፣ ውስጡም ሬንጅ ይሸታል።

አሮጌውን ስፒከር እዪው፣ ቪቴ የለውም። የብዙ ቶዮታዎች ስፒከር ከፋብሪካ በሪቬት ይታሰራል። የሪቬቱ ራስ በድሪል ይበላል፤ ድሪል ይዘሽ ስለማታውቂ ይህንን ክፍል እኔ ልያዘው፣ አንቺ እያየሽ ተማሪ። ከመጀመራችን በፊት ግን እርጥብ ጨርቅ በቀዳዳው ውስጥ ከታች አንጥፊ። ከሪቬቱ የሚወጣው የብረት ፍርፋሪ በሩ ውስጥ ከወደቀ ይዝጋል፣ ወይም የአዲሱ ስፒከር ማግኔት ይስበውና ውስጡ ገብቶ ይፋጫል። የተራቆተውን ቀዳዳ ጠርዝም ትንሽ ቀለም ቀቢው።

አዲሱን ወዲያው አትሰሪው። ማግኔቱ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ለኪ፤ ከዚያ የመስታወት ማብሪያውን ሶኬትና ባትሪውን ለአፍታ መልሰሽ መስታወቱን እስከ ታች አውርጂና ክፍተቱን እዪ። መስታወቱ ከማግኔቱ ጀርባ ነው የሚወርደው፤ ከነካው መስታወቱ ይሰበራል ወይም ማሽኑ ይቃጠላል። ካልበቃ ቀለበት ከሥሩ አድርጊ፤ የፕላስቲክ ይሁን፤ የተፈጨ እንጨት ጣውላ እዚህ በአንድ ክረምት አብጦ ይፈርሳል። በስፒከሩና በቆርቆሮው መሃል ደግሞ ዙሪያውን ለስላሳ ስፖንጅ አስገቢ። ይህ ለጌጥ አይደለም። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከጀርባው ይስባል፤ የፊቱና የጀርባው አየር በክፍተት ከተገናኙ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሰዎች "አዲሱም ያው ነው" የሚሉት ስፒከሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን በደንብ ስላልታሸገ ነው ብዙ ጊዜ። ከማግኔቱ በላይ ደግሞ ከወፍራም ላስቲክ ትንሽ ጣሪያ ሥሪለት፣ ከታች ክፍት ይሁን፤ በመስታወቱ የሚወርደው ውሃ በጀርባው አይንጠብጠብ።

ሽቦውን አትቁረጪ። የፋብሪካውን ሶኬት ሳይነኩ የሚገናኝ መሸጋገሪያ አለ። ካላገኘሽ በስታኞ በይደሽ በናስትሮ ጠቅልይው፤ ሁለቱን ሽቦ አጣምሞ መተው እርጥበት ባለበት በር ውስጥ በአንድ ዓመት አረንጓዴ ያደርገዋል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭም አይምታታ። ስፒከሩ ላይ ምልክቱ ከጠፋ አንድ የባትሪ ድንጋይ ውሰጂና ሁለቱን ሽቦ ለቅጽበት አስነኪው፤ መሐሉ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ በር ቀጥ፣ ሌላው ግልብጥ ከሆነ ሁለቱ እየተጣሉ ወፍራሙ ድምፅ ይሟሟል፣ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅሽም።

ላስቲኩን ከመመለስሽ በፊት የበሩን ሆድ እዪ። በበጋ የሊሙ ወይም የጌራ ጥርጊያ መንገድ ላይ የሚገባው አቧራ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ሆኖ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በሩን ስትዘጊ "ሸሽ" የሚል ውሃ ከሰማሽ ያ ነው። በቀጭን እንጨት ክፈቻቸው፤ ብረት ቀለሙን ይፍቃል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከውጭ በመስታወቱ ጠርዝ አፍስሺና በታች በኩል መውጣቱን ጠብቂ። ወጣ? እንግዲህ ጥጉን አውርደሽ ሙጫውን በአውራ ጣትሽ እየተጫንሽ ዙሪያውን ለጥፊ። የታችኛው ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ ገብቶ ከነበረ እንደነበረው ወደ ውስጥ ይግባ፤ ላስቲኩ ላይ የሚወርደው ውሃ ተመልሶ ወደ ማፍሰሻው እንዲሄድ ነው። ከሽቦዎቹ የሚንቀጠቀጥ ካለ በስፖንጅ ጠቅልይው።

ሽፋኑን ከመግጠምሽ በፊት ሶኬቱንና ባትሪውን መልሺና ሁሉንም ሞክሪ። መስታወቱን አውጪ አውርጂ። የበሩን መቆለፊያ ግን በሩ ክፍት እያለ ሞክሪው፤ ዘንጉ ወልቆ ከሆነና በሩን ከዘጋሽው መክፈት መከራ ነው። ለድምፁ ዘፈን አትክፈቺ፣ በዘፈን ትታለያለሽ። የጅማ ዩኒቨርሲቲን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ክፈቺና ሰው ሲያወራ ስሚ፤ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ የሰው ንግግር ከጉሮሮ የሚወጣ ከመሰለሽ ተስተካክሏል፣ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ከመሰለሽ የሆነ ቦታ አልታሸገም። ያኔ ሽፋኑን ከላይ አንጠልጥለሽ እያንዳንዱን ክሊፕስ በመዳፍሽ መታ መታ አድርጊው። ድምፁ ካማረልሽ በኋላ ደግሞ ዓርብ በስግደት ሰዓት በመስጊድ ደጃፍ ስታልፊ ቀንሺው፤ ሰው ያዝንብሻል።

የሾፌሩን በር በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኔ ጋር ትሠሪዋለሽ። ከዚያም፣ መጋቢት ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ በማግስቱ ጠዋት እጅሽን ከምንጣፉ ሥር አስገቢና በበሩ በኩል ያለውን ጥግ ዳስሺ። ከረጠበ ላስቲኩ የሆነ ቦታ ለቋል ማለት ነው፤ ያ ሳምንት ሳያልፍ ደውዪልኝ፣ ዳግም እንፈታዋለን።